አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት

ፈንታሁን ሞተርን የሚያውቀው በጆሮው ብቻ አልነበረም። መዳፉን ኮፋኖው ላይ ጣል አድርጎ ትንሽ ይቆይና «ሦስተኛው ሲሊንደር ያነክሳል» ይላል። ተፈትቶ ሲታይ ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ከሰኞ ገበያ ዝቅ ብሎ ባለው በጋሽ ዘይኑልአቢዲን ጋራዥ አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ ይህ ችሎታው በሹፌሮች ዘንድ ስም አውጥቶለታል። ከአሰብ ጭኖ የሚወጣ ሹፌር ወረፋው ቢረዝምበት እንኳ ሌላ ጋራዥ አይሄድም፤ እሱን ይጠብቃል።

ሐርቡ ተወልዶ በሃያ ዓመቱ ነው ደሴ የገባው። አትጠገብን አገባ፤ በእሷ ቤተሰብ በኩል ወንጌል አመነ፤ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። ዝምተኛ ነው። ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ምእመናኑ በየሳሎኑ ተሸሽገው ሲጸልዩም እሱ አንድ ጥግ ይዞ ከመቀመጥ በቀር ድምፁ አይሰማም። ምላሱ የሚፈታው ስለ ሞተር ሲያወራ ነው፤ ስለ ሞተር የሚያወራውም ከከፍያለው ጋር ነው።

ከፍያለው የዚያው ጋራዥ በያጅ ነበር። ቆርቆሮ በእጁ ላይ እንደ ወረቀት ይታጠፋል። ሳቂታ፣ ተከራካሪ፣ ለእናቱ ለእማማ ተናኘ አንድ ልጅ ነው። በ1966 ክረምት አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ጋራዡ ጣሪያ ላይ ሲወርድ፣ «ለምን የራሳችንን መኪና አናወጣም?» አለ። ቀልዱን ነበር። ፈንታሁን ግን አልሳቀም። የልጁን ባዶ ደብተር አምጥቶ መጀመሪያው ገጽ ላይ መስመር አሰመረ።

«ሞተር አንሠራም» አለ ከመነሻው። «ብረት የምናቀልጥበት ምን አለን? ሻንሲውንና ገላውን እንሠራለን። ሞተሩን ግን መለዋወጫው እዚሁ ገበያ ላይ ከሚገኘው፣ ማንም ሹፌር መንገድ ላይ ሊፈታው ከሚችለው እንመርጣለን።»

«ስሙስ?»

«አንተ አውጣለት።»

ከፍያለው በበሩ በኩል ከከተማዋ በላይ የተጋደመውን ተራራ ቀና ብሎ አየ። ጉም ለብሷል። «ጦሳ» አለ።

እንዲህ ተጀመረ። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ ሁለቱ ሰዎች ለሌለ ፋብሪካ የሌሉ መኪኖች ሲነድፉ ይውሉ ነበር። «ባቲ» ከባድ ጭነት የሚጭነው ነው፤ እሱ ላይ ክርክር አልነበረም፤ የአሰብ ሹፌር ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈታውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የፊያት ናፍጣ ሞተር ሰጡት። «ቦርከና» ሠላሳ ሰው የሚይዝ አውቶቡስ ነው፤ ለእሱ ወደ ስድስት ሊትር የሚጠጋውን የመርቼዲስ ሞተር መረጡ። ያጣላቸው ትንሹ፣ ከፊት ሁለት ሰው ከኋላ ስምንት ኩንታል የሚይዘው «ጦሳ አንድ» ነበር። ከፍያለው ወደ አራት ሊትር የሚጠጋውን ባለ ስድስቱን የቶዮታ ቤንዚን ሞተር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ፈንታሁን ደግሞ የላንድሮቨሩን አራት ሲሊንደር ናፍጣ ያዘ።

«ስልሳ ሁለት ፈረስ ጉልበት?» ይላል ከፍያለው። «የሐረጎን ዳገት በእግሩ ከሚወጣ ሰው ጋር የቤተሰብ ሰላምታ እየተለዋወጠ ነው የሚወጣው።»

«ይለዋወጥ። ይድረስ እንጂ።»

«አየሩ ስስ ነው እያልክ የምታስተምረኝ አንተ አይደለህ? ደሴ ሲደርስ ሩቡን ይጥላል። ከስልሳ ሁለቱ ስንት ቀረህ?»

«አርባ ስድስት። አውቃለሁ። ካምቢዮውን ዝቅ አድርገን በሁለተኛ ማርሽ እናወጣዋለን። ያንተው ቤንዚን ግን ገና ኮምቦልቻ ሳይደርስ ታንኩን ይጨርሳል።»

ክርክሩ በአፍ አልበቃቸውም። ጭነት የያዘ መኪና ተሳፍረው ከኮምቦልቻ ደሴ ሐረጎን እየወጡ በየኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ሰዓት ያዙ። የሙቀት መለኪያው ቀስት ከፍ የሚልባቸውን ጠመዝማዛዎች ፈንታሁን ደብተሩ ላይ ሥሎ በኤክስ ምልክት አደረገና ከጎኑ «እዚህ ይሞቃል» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ፣ ኋላ ብቻውን ሆኖ፦ «ጦሳ 1። 62። ሐረጎ ላይ 46 ይቀራል። 23 ለ 1። ተራ 1-3-4-2።» ሃያ ሦስት ለአንድ ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ልክ ነው። የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሲሊንደሮቹ የሚቀጣጠሉበት ተራ ናቸው፤ አንደኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ አራተኛው፣ በመጨረሻ ሁለተኛው።

በ1969 ማለቂያ ላይ እሑዶቹ ቀሩ። ደሴ ጠዋት ጠዋት ሬሳ ማሳየት ጀመረች። ፈንታሁን ወደ ሥራ ሲሄድ ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ ሁለት ሦስት ሆነው ይተኛሉ፤ ደረታቸው ላይ ካርቶን ተለጥፏል፣ ካርቶኑ ላይ «አናርኪስት ነበርኩ» ተጽፏል። አንድ ቀን ልጆቹን ያስተማረ መምህር አየ። ሌላ ቀን የጎረቤት ተማሪ። ሌላ ቀን ጎማ የሚለጥፍለት ወጣት። ዝንብ ሲያርፍባቸው ማንም ቆሞ እሽ የሚል አልነበረም፤ የቆመ ሰው ዘመድ ነው ተብሎ ይያዛል።

መስከረም 1970 ላይ ደግሞ የከፍያለው ሞት ተሰማ። ከአንድ ሹፌር ጋር አሰብ ወርዶ ሳለ በረሃው ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል፣ እዚያው ተቀብሯል ተባለ። እማማ ተናኘ ድንኳን ጥለው ተቀመጡ። ፈንታሁን ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። ያን ያህል አልቅሶ አያውቅም። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ከቶ ቆለፈበት።

አሰሳው ጥር ላይ መጣ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ በላቸው የሚባል ሰው ነበር፤ ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ይቀመጥ የነበረ። ፈንታሁንን ቂም ይዞበታል። በቀበሌ ስብሰባ ላይ «አብዮቱ ከሁሉ በላይ!» ሲባል ሰው ሁሉ ግራ እጁን አንሥቶ ሲጮህ ይህ መካኒክ ብቻ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሏል። «ከሁሉ በላይስ እግዚአብሔር ነው» ማለቱን አንድ ሰው ሰምቶ አድርሶበታል።

አራት ሆነው ገቡ። ፍራሹን ቀደዱ፤ ጥሬውን መሬት ላይ ደፉ፤ አትጠገብ የሣጥኑን ቁልፍ ልታመጣ ስትል አንደኛው በጠመንጃው ሰደፍ ትከሻዋን መታት። ሣጥኑን በመጥረቢያ ፈለጡት። በላቸው ደብተሩን ገልጦ ቆሞ ሲያነብ ፊቱ በራ።

«ጴንጤው» አለ በቀስታ። «እኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስንፈልግ አንተ የጦር ካርታ ነው ለካ የምታጠና።»

የቀበሌው እስር ቤት የእህል መጋዘን ነበር። ሠላሳ አንድ ሰው ታጉሮበታል፤ ሰው በተራ ነው የሚተኛው። ምርመራው ከጎኑ ባለው ክፍል ቀን በቀን፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ከላይ የተላከ መነጽር ያደረገ ወጣት ካድሬ ይጠይቃል፤ በላቸው ይገርፋል።

«ስልሳ ሁለት ምንድን ነው?» አለ ካድሬው ደብተሩን ከፍቶ።

«የፈረስ ጉልበት።»

«ፈረስ አላችሁ?»

«የለንም፤ የሞተር ጉልበት መለኪያ ነው።»

«ሐረጎ ላይ አርባ ስድስት ይቀራል ይላል። የት የሚቀሩ ናቸው? ጫካ?»

«የሚቀረው ጉልበቱ ነው። ደሴ ከፍታ ስለሆነች አየሩ...»

በላቸው በጥፊ መታው። ካድሬው ገጹን ገለጠ። «ይህ የሐረጎ መንገድ ነው። ኤክስ የተደረገበት ላይ እዚህ ይሞቃል ይላል። የሚሞቀው ምንድን ነው? ውጊያው?» ከዚያ ወደ መጨረሻው መስመር መጣ። «ሃያ ሦስት ለአንድ። ለአንድ ሰዋችሁ ሃያ ሦስት ልትገድሉ ነው። ተራ፣ አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት። ሴሉ አራት ሰው ነው። ተራውን አውቀነዋል፤ አሁን ስማቸውን ንገረን።»

ፈንታሁን እውነቱን ተናገረ። ምንም ሌላ የሚናገረው አልነበረውም። እጁን ከጉልበቱ ሥር አሥረው፣ በመሃል እንጨት አሳልፈው፣ በሁለት ጠረጴዛ መሃል ቁልቁል አንጠለጠሉት። ወፌ ላላ ይሉታል። ውስጥ እግሩ ወደ ጣሪያው ዞረ። በላቸው በኤሌክትሪክ ገመድ ጀመረ። ፈንታሁን የመጀመሪያዎቹን አሥር ቈጠረ፤ ከዚያ በኋላ መቊጠር አልቻለም። አፉ ውስጥ የተሸጎጠው ጨርቅ ትውከቱን መልሶ ሲያስውጠው ታፈነ። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ እንደ ተገፈፈ በግ ሆነ። ሲያወርዱት በእጁ እየዳኸ ነው ወደ መጋዘኑ የተመለሰው።

በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የቆሰለው ላይ ነው የገረፉት፤ ገመዱ በተነሣ ቁጥር ሥጋ ይዞ ይነሣል። ከዚያ ካድሬው አንድ ነገር አለ። «ሚስቱን አምጧት። እሱ የማያውቀውን እሷ ታውቅ ይሆናል።»

ያኔ ነው ፈንታሁን ያሰበው። ስም ይፈልጋሉ፤ ስም ይሰጣቸዋል። ግን የሞተ ሰው ስም። የሞተን ማንም አይገድለውም። ጨርቁን ከአፉ ሲያወጡለት የመምህሩን ስም ጠራ። ከዚያ የተማሪውን። ከዚያ የጎማ ለጣፊውን። ሦስቱንም ሰኞ ገበያ መግቢያ ላይ በዓይኑ ያያቸው ናቸው።

«አራተኛው?»

የሞተ ሰው ሲፈልግ አንድ ስም ብቻ መጣለት። «ከፍያለው» አለ። «አሰብ መንገድ ላይ ሞቷል።»

በላቸው ከት ብሎ ሳቀ። «ሬሳ ነው የሚቈጥርልን እኮ።» ካድሬው ግን አልሳቀም። ሦስቱ የተረሸኑት በትክክል ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ሦስቱ አናርኪስት ከሆኑ አራተኛውም ነው፤ ሞቶ ከሆነም ወረቀት ትቶ ይሆናል። «እናቱ ቤት ፈትሹ» አለ።

ከፍያለው አልሞተም ነበር። አንድ ሰሞን ወረቀት በትኗል፤ ያስበተኑት ልጆች ሲያዙ እናቱ ጎተራ ጀርባ ባለች የጭስ ማውጫ የምታህል ክፍተት ውስጥ ደበቁት፤ ምግብ የምታሳልፍ ቀዳዳ ትተው በጭቃ መረጉበትና የአሰቡን ወሬ ፈጥረው ድንኳን ጣሉ። አራት ወር ሙሉ በልቅሶ ልብስ ሆነው እህል ሊወስዱ እየመሰሉ ሲያበሉት ኖረዋል። ፈታሾቹ ጎተራውን ሲያነቃንቁት ሳል ሰሙ።

ፈንታሁን ይህን ያወቀው በሁለተኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ የመጋዘኑ በር ተከፍቶ አንድ ሰው ወደ ውስጥ ሲወረወር ነው። ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፤ አራት ወር ፀሐይ ያልነካው ፊቱ እንደ ሻማ ነጥቷል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፤ የፊት ጥርሶቹ የሉም። ሰውየው ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ፈንታሁን መጀመሪያ ራሱ የሞተ መሰለው።

 ከፍያለው ግድግዳውን ተደግፎ ደም እየተፋ አመሸ። በማግስቱ ጠዋት፣ ምርመራው ሊጀመር ሲል፣ ፈንታሁን በክንዱ እየተሳበ አጠገቡ ደረሰ።

«ስምህን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለው።

ከፍያለው አልዞረም። «ነግረውኛል።»

«ሞተሃል ብዬ ነው። ድንኳንህ ውስጥ ሦስት ቀን አልቅሻለሁ። ሙታን ብቻ ነው የሰጠኋቸው፣ ሌላ አልሰጠሁም።»

 የከፍያለው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈንታሁን የሚያለቅስ መስሎት ነበር፤ ግን እየሳቀ ነው። የተሰበረው ጎድኑ እያሳመመው፣ አፉን በመዳፉ ከድኖ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እናቴን» አለ ትንፋሹን ሲያገኝ። «ጎበዝ አልቃሽ ናት እኮ። እኔም ከጎተራው ጀርባ ሆኜ ስሰማት የሞትኩ መስሎኝ ነበር።»

ቀጥሎ የጠየቀው ማንም የማይጠብቀውን ነው። «ደብተሩን ወስደውታል አሉ። ጦሳ አንድ ላይ የትኛውን ጻፍክ? ያንተን ነው አይደል?»

«የኔን።»

«ሌባ። እንደሞትኩ ሰማህና ናፍጣውን አጸደቅከው።»

ሁለቱን ቀን፣ በግርፋት መሃል፣ ተከራከሩ። እግራቸው መሬት አይነካም፤ አንዳቸው የሌላቸውን ቁስል በሽንት በራሰ ጨርቅ እየጠረጉ፣ ስለ ቶዮታው ስድስት ሲሊንደርና ስለ ሐረጎ ሁለተኛ ማርሽ ተከራከሩ። አጠገባቸው የታሠሩት ሰዎች መጀመሪያ ያበዱ መሰሏቸው፤ ኋላ እነሱም ወገን ለይተው ገቡበት። አንድ ገበሬ ከፍያለውን ደግፎ «ጉልበት ያለው ይሻላል» አለ። በሁለተኛው ቀን ከፍያለው ተሸነፈለት። ተራራ ለመውጣት ጉልበት ካለው የሚቆየው ይበልጣል አለ። ፈንታሁን ግን ያለው የምሩን ይሁን፣ ለወዳጁ ሲል ይሁን፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አላወቀም።

አመሻሽ ላይ በላቸው ወረቀት ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሰባት ስም ጠራ። አምስተኛው ከፍያለው ነበር። ሁለት ሰዎች ደግፈው አነሡት። ሲወጣ ወደ ኋላ አላየም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከወንዙ በኩል ተኩሱ ተሰማ፤ ፈንታሁን ጆሮውን በመዳፉ ሊደፍን እጁን አነሣና መልሶ ጣለው። መስማት አለብኝ ብሎ አሰበ። ሰባቱንም ሰማ።

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን የደብተሩን ነገር ሰምተው የመጡት በማግስቱ ጠዋት ነው። በአህያ ጋሪ ላይ ከመኪና የወረደ የፔጆ ሞተር ጭነው የቀበሌው ግቢ ውስጥ ገቡ። ዕድሜያቸው ወደ ሰባ ይጠጋል። ጥበቃው ሊያስቆማቸው ሲል ከፊቱ ገፍተው አለፉ።

«ያ ካድሬ የሚባለውን ጥሩልኝ» አሉ። «ወላሂ ሳላሳየው አልሄድም። ብትገድሉኝም እሰየው።»

ካድሬው ወጣ። በላቸውም ወጣ። ፈንታሁን በመጋዘኑ በር ቀዳዳ ያይ ነበር። ሽማግሌው አራቱን ካንዴላ ከሞተሩ ነቅለው በየቀዳዳው የጋዜጣ ውታፍ ወተፉ። ሞተሩ ላይ በኖራ ከአንድ እስከ አራት ቁጥር ጻፉ። «ልጄ ደብተሩን ያዝና አንብብልኝ» አሉት ካድሬውን፣ «ተራውን ብቻ።» ከዚያ በብረት ዘንግ ሞተሩን በእጃቸው ማዞር ጀመሩ።

የመጀመሪያው ውታፍ «ጷ!» ብሎ ወደ ላይ ተፈናጠረ። አንዱ ጥበቃ ጠመንጃውን አቀባብሎ ወደ ሽማግሌው አዞረ። ጋሽ ዘይኑ አልተንቀሳቀሱም። «አንድ» አሉና ዘንጉን ማዞር ቀጠሉ። ሦስተኛው ተፈናጠረ። ከዚያ አራተኛው። ከዚያ ሁለተኛው። 

«ይህን ተራ እኔ አላወጣሁትም» አሉ እያለከለኩ። «እሱም አላወጣውም። ውጭ አገር ያወጡት ነው። በመንገዱ ላይ ከሚሄደው መኪና አብዛኛው እንዲህ ነው የሚነሣው። ልትይዙ ከፈለጋችሁ መኪናውን ሁሉ ያዙ።»

ካድሬው የመጨረሻውን ውታፍ ከመሬት አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ገጹን ከደብተሩ ቀደደ፤ ከዚያ ገጹንም ደብተሩንም ለበላቸው ሰጥቶ «አቃጥለው» አለ። ከሰዓት በኋላ ፈንታሁን ተለቀቀ። ይቅርታ ያለው ሰው አልነበረም። ስለ ከፍያለው ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት በላቸው በትከሻው አፈፍ አድርጎ ይዞ «አንተ ልጆች አሉህ» አለው ብቻ። ጋሽ ዘይኑ በዚያው ጋሪ፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ አጋድመው ወደ ቤቱ ወሰዱት። «አብሽር ልጄ» ይሉታል መንገዱን ሙሉ። «አብሽር።»

እማማ ተናኘ ይህን ጊዜ ማልቀስ አልተፈቀደላቸውም። ለአናርኪስት ድንኳን አይጣልም። ሰፈሩም ግራ ገባው፤ የአንድ ሰው ልቅሶ ሁለት ጊዜ እንዴት ይደረሳል? በሩን ዘግተው ብቻቸውን ተቀመጡ።

ፈንታሁን መራመድ የቻለው በሁለት ወሩ ነው። የመጀመሪያ መንገዱ ወደ እሳቸው ነበር። በዱላ ተደግፎ በሩ ላይ ቆመና፣ ሳይቀመጥ፣ ያደረገውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገራቸው።

እማማ ተናኘ ሰምተው ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሞቷል ብዬ ለአገሩ ሁሉ የነገርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «አንተ ያመንከኝ ነህ። ጥፋት አላገኝብህም።» ፊታቸውን አዞሩና፦ «ግን ዓይንህን ማየት አልችልም። እባክህ ደጄን አትርገጥ።»

ከዚያ በኋላ ደሴ ለፈንታሁን ጠበበችው። ለመሄድ ያስቆረጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ሚያዝያ ላይ በላቸው የቀበሌውን ላንድሮቨር ጋራዡ ድረስ ነዳና ፍሬኑ ላላብኝ፣ ለስብሰባ ኮምቦልቻ ልወርድ ነው አለ። ፈንታሁን መኪናው ሥር ገባ። ከፍሬኑ ቱቦ አንዱ ቡሎን ላልቷል። ቁልፉን ቡሎኑ ላይ አድርጎ ተኛ። ሁለት ዙር ወደ ግራ ቢያዞረው ዘይቱ ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፤ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ሲደርስ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ማንም አያውቅም። ቁልፉን ያዞረበት የእጁ ጅማት ሲገተር አየው፤ ወደ ግራ ሩብ ዙር ዞሮለታል። አንዲት የዘይት ጠብታ ግንባሩ ላይ ወደቀች።

መኪናው ሥር ያን ያህል ጊዜ ቆይቶ አያውቅም። ከላይ የበላቸው ጫማ እየተመላለሰ ይታየዋል። እንዲጸልይ ራሱን ገፋው፤ ቃል አልመጣለትም። በመጨረሻ ቡሎኑን ወደ ቀኝ፣ ቁልፉ እስኪጮህ ድረስ አጠበቀው። ወጥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «ተሠርቷል» አለ። በላቸው ነድቶ ሄደ።

ያን ዕለት ለጋሽ ዘይኑ «እዚህ ከቆየሁ አንድ ቀን እገድለዋለሁ» አላቸው። እሳቸውም አልከለከሉትም። ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ኮምቦልቻ ወረደ፤ ከመናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ጋራዥ ከፈተ። ቀኝ እግሩን እያነከሰ፣ ከበፊቱም ይበልጥ ዝምተኛ ሆኖ፣ ሠርቶ ይበላ ነበር። የጸሎት ወዳጆቹ ሲጠይቁት ስለ እስሩ ይተርክላቸዋል፤ ስም ስለ መስጠቱ ግን ለአትጠገብ እንጂ ለማንም አልተነፈሰም።

አራት ዓመት አለፈ። በ1974 ኅዳር መግቢያ፣ ረፋዱ ላይ፣ ከደሴ የመጣ አውቶቡስ ሰው አራግፎ ሲሄድ አንዲት ጥቁር የለበሱ አሮጊት ጋራዡ በር ላይ ቆመው ቀሩ። ፈንታሁን ከመኪናው ሥር ወጥቶ ሲያያቸው የያዘው ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። ያረጀ የመኪና ወንበር ነበረችው፤ አቧራዋን በእጅጌው ጠርጎ አስቀመጣቸው።

«ከልጄ ጋር ሁለት ቀን አብረህ ነበርክ» አሉ እማማ ተናኘ። «ስለ እሱ ሳልጠይቅህ ልሞት ነው። ምን አለ? ስለኔ አንሥቷል?»

ፈንታሁን መሬት ላይ ከፊታቸው ተቀመጠ። ጥርሱ እንደሌለ አልነገራቸውም። ሌላውን ሁሉ ነገራቸው፤ ልቅሷቸውን ከጎተራው ጀርባ ሆኖ ሲሰማ የሞተ እንደመሰለው፣ ጎበዝ አልቃሽ ናት ብሎ እንደሳቀ።

«ሳቀ?» አሉ።

«እንባው እስኪወርድ ሳቀ።»

«ኋላስ?»

«ኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ሞተር ስንከራከር ዋልን።»

እማማ ተናኘ ይህኛው አልገባቸውም፤ እንዲያስረዳቸው ጠየቁት። ፈንታሁን ስለ ሞተሮቹ፣ ስለ ሐረጎ፣ ልጃቸው ለምን ስድስቱን እንደመረጠ አስረዳቸው። ከሰዓት እስኪሆን ድረስ አስረዳቸው። አትጠገብ ምሳ አቀረበች፤ በሉ። የመጨረሻው የደሴ አውቶቡስ ሲያጓራ ክንዳቸውን ይዞ እስከ ደረጃው ሸኛቸው። ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ በመስኮቱ አጎንብሰው፦

«ኅዳር ሚካኤል ዝክር አለኝ» አሉት። «ናንተ ጠላ አትጠጡም፤ ውኃ አስቀምጥልሃለሁ። ና።»

ሄደ። እማማ ተናኘ በ1978 እስኪያርፉ ድረስ በየዓመቱ ሄደ፤ ሲቀበሩም ከወንድማቸው ልጅ ጋር አብሮ ሬሳቸውን ተሸክሟል።